ከስድሳ አንድ ልጅ አንደኛ

አልፊያ ሰይፈዲን አራተኛ ክፍልን ያለፈችው ጎብዛ አይደለም፤ ትምህርት ቤቱ ለሚደግም ተማሪ ወንበር ስላልነበረው ነው። ከስድሳ አንድ ልጅ ስድሳ አንደኛ ወጣች። በ1973 ዓ.ም. መስከረም ላይ አባቷ ከመርካቶ ወደ ኮልፌ ተዛውረው አጠና ተራ እንጨት መሸጥ ሲጀምሩ፣ መሸኛዋን ይዛ ከሳቸው ጋር ወደ አዲሱ ትምህርት ቤት ሄደች። የመሸኛው ማኅተም ቀለሙ ፈስሶ ከ«61ኛ» ላይ ስድስቷን ውጧታል። ርእሰ መምህሩ ጓድ ኃይለመስቀል ወረቀቱን አዩና ከወንበራቸው ተነሡ።

«ከስድሳ አንድ ተማሪ አንደኛ! አብዮቱ የሚፈልገው እንዲህ ያለ ልጅ ነው!»

አልፊያ ልትናገር አፏን ከፈተች። ማንበብ የማይችሉት አባቷ ግን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «አልሐምዱሊላህ» ሲሉ አየችና መልሳ ዘጋችው።

የፊት ወንበር ተሰጣት። ክፍል ውስጥ እጇን አታወጣም፤ ትሕትና ተባለላት። የአማርኛ አስተማሪዋ መምህርት ጽጌማርያም «አያችሁ፣ የሚያውቅ ሰው አይቅበጠበጥም» እያሉ ሌሎቹን ይቆጡባታል። በመጀመሪያው ፈተና ከአሥር ሦስት ስታገኝ፣ ጥያቄው ቢበላሽ ነው ብለው ለክፍሉ በሙሉ አዲስ ፈተና አወጡ። በአዲሱ ሁለት አገኘች። የኮልፌ ብርድ ሳይስማማት ቀርቶ ነው ተባለ።

አልፊያ ፊደሉን አንድ በአንድ ትለያለች። ረዘም ያለ ቃል ሲመጣ ግን መሐሉ ላይ ይጠፋባታል። ይህን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

ኅዳር ላይ የቀበሌው የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ለውትድርና ተጠራ። ቀበሌው ምትክ የሚሆን ጎበዝ ተማሪ ይላክልኝ ብሎ ትምህርት ቤቱን ጠየቀ። ጓድ ኃይለመስቀል ለማሰብ ደቂቃም አልፈጀባቸውም።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የቀበሌው አዳራሽ ስትገባ አሥራ አራት ትልልቅ ሰዎች ተነሥተው ተቀበሏት። ከመካከላቸው በርበሬ ቸርቻሪዋ እማማ ወለተጻድቅ አባቷን ሊወልዱ የሚችሉ ነበሩ። አልፊያ ላብ አጠመቃት። ከመጽሐፉ አንድ ቃል ሰሌዳው ላይ ገለበጠችና ምን እንደሚል ጠፋት።

«ይሄ... ምን የሚል ይመስላችኋል?» አለች።

ሩብ ሰዓት ተከራክረው ደረሱበት። በማግሥቱም እንዲሁ አደረገች። ከዞን የመጣ ተቆጣጣሪ ጥግ ተቀምጦ ሲያያት ቆየና ማስታወሻው ላይ «አሳታፊ የማስተማር ዘዴ» ብሎ ጻፈ።

«የፊተኛው ልጅ ፌርማታ እየዘለለ እንደሚሄድ አውቶቡስ ነበር» አሉ እማማ ወለተጻድቅ። «አንቺ ግን ሁሉም ጋ ትቆሚያለሽ።»

ምን ምርጫ ነበራት! ጠዋት ጠዋት የአባቷ የአጠና ክምር ጀርባ ተቀምጣ የዕለቱን ገጽ ፊደል በፊደል ምላሷ እስኪደርቅ ትቆጥራለች።

ጥር ላይ ሌሎቹ ሲወጡ እማማ ወለተጻድቅ ቀሩ። ከመቀነታቸው የታጠፈ ደብዳቤ ፈቱ።

«ልጄ አሰፋ ከግንባር የላከው ነው። እስከ ዛሬ ጎረቤቴ ነበር የሚያነብልኝ። ሁልጊዜ ደኅና ነኝ ይልሻል ነው የሚለኝ። ሁለት ገጽ ሙሉ ደኅና ነኝ ብቻ ይጻፋል? እስቲ አንቺ አንብቢልኝ፤ አንደኛ ነሽ አይደል?»

አልፊያ ወረቀቱን ተቀበለች። ከዚያ እንባዋ መጣ።

«እማማ፣ አንደኛ አይደለሁም። ስድሳ አንደኛ ነኝ። ማንበብም በደንብ አልችልም።»

አሮጊቷ አግዳሚው ላይ ጠጋ አሉላት። «እንግዲያው ነይ ተቀመጪ። አንቺ የቻልሽውን፣ እኔም የቻልኩትን።»

አንዱን ገጽ ለመጨረስ አንድ ሰዓት ፈጀባቸው። «እማዬ፣ እግሬን ተመትቻለሁ። አዲስ አበባ ሆስፒታል ሊያመጡኝ ነው። ባለፈውም ጽፌልሽ ነበር፤ ለምን ዝም አልሽኝ?» ይላል። ጎረቤትየው አዝኖላቸው ነበር የሚዘልለው። እማማ ወለተጻድቅ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው ቆዩና «ድገሚው» አሉ። በሁለተኛው ንባብ አልፊያ አልተደናቀፈችም።

በማግሥቱ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገባች። «ጓድ ርእሰ መምህር፣ መሸኛዬ ላይ ስድስት ቁጥር አለች። ወደ አራተኛ ክፍል ይመልሱኝ።»

ጓድ ኃይለመስቀል ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አንሥተው በብርሃን አዩት። ጠረጴዛቸው ላይ ከዞን የመጣ፣ በአልፊያ ስም የተጻፈ የምስጉን አስተማሪ ምስክር ወረቀት ተቀምጧል።

«ይህን ለማን ነገርሽ?»

«ለእማማ ወለተጻድቅ ብቻ።»

መሸኛውን አጥፈው መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

ዓርብ ባንዲራ ሲሰቀል ምስክር ወረቀቱን በተማሪው ሁሉ ፊት ሰጧት፤ ምስጉኗ ተማሪ ትምህርትን ከሥረ መሠረቱ ለማጥናት በገዛ ፈቃዷ ወደ አራተኛ ክፍል መውረዷንም አበሠሩ። ጭብጨባው አላባራ አለ። መምህርት ጽጌማርያም አለቀሱ። በሳምንቱ ሁለት ወላጆች መጥተው የኛም ልጆች ዝቅ ይበሉልን ብለው አመለከቱ።

አሰፋ ሆስፒታል መግባቱ በተሰማ በመጀመሪያው እሑድ፣ እማማ ወለተጻድቅና አልፊያ በጦር ኃይሎች በኩል ወደ ሆስፒታሉ ሄዱ። በሩ ላይ ዘበኛው «ዛሬ መጠየቅ የለም፣ ተመለሱ» አላቸው። ግንቡ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። እማማ ወለተጻድቅ ተጠግተው ጣታቸውን ጫኑበት።

«የ... ሕ... ሙ... ማን... መ... ጠ... የቂያ...»

ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ማጉረምረም ጀመረ። አልፊያ ማስታወቂያውን ገና ከመንገዱ ማዶ ሳሉ አንብባዋለች። እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው።

«ረ... ቡ... ዕ... ና... እ... ሑድ!» እማማ ወለተጻድቅ ወደ ዘበኛው ዞሩ። «እሑድ ይላል። ዛሬ ማን ነው ቀኑ?»

ዘበኛው ማስታወቂያውን ትኩር ብሎ ሲያየው ቆየ፤ ከንፈሩ ግን አልተንቀሳቀሰም፤ ለካ እሱም ማንበብ አይችልም። ከዚያ ብረቱን አነሣላቸው። አሰፋ ሦስተኛው ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ተኝቶ አገኙት።