ከማዕድ ላይ የተወሰደ ምዕራፍ

ፀዳለ የድምፅ መቅረጫዋን ያጠፋችው ምግብ ስለቀረበ ነበር። ማዕድ ላይ መቅረጽ ነውር መሆኑን እናቷ አስተምራታለች። ማዕድ ላይ የሰሙትን መኪና ውስጥ ገብቶ መጻፍም ነውር መሆኑን ግን ማንም አልነገራት፤ ወይም እንዳልተነገራት ሆነች። የታሪክ ምሁር ሆዱ ሰፊ ነው፣ ያገኘውን አይተውም።

ጋሽ ክፍሉ በጃንሆይ ዘመን የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሰው ነበሩ፤ አሁን አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ ፕሌኖ በምትባል ከተማ ልጃቸው ቤት ይኖራሉ። ፀዳለ ደግሞ የምታጠናው ድሃ አገሮች በዓለም የአካባቢ ጥበቃ ጉባኤዎች ላይ ምን እንደተናገሩና ምን እንደዋጡ ነው። ያን ቀን ሽማግሌው አጉርሰዋት፣ ልባቸው ለስልሶ፣ "የሥራ ባልደረባዬ አሻግሬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የወሎን ድርቅ ለዓለም ጉባኤ ከተዘጋጀው ንግግር ላይ የሰረዘው እሱ ነው። ባዕድ ፊት አገር አይዋረድም ብሎ። ራሱ ነው ያጫወተኝ" አሏት። ይህች ወሬ የምትጽፈው መጽሐፍ የአንድ ምዕራፍ ምሰሶ ሆነች። ኦባማ በተመረጠ በዓመቱም ከሁለቱ ሰዎች ስም ጋር የእንግሊዝኛ መጽሔት ላይ ወጣች።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እዚያው አቅራቢያ ሳክሲ ከተማ ለሚኖሩት ለአሻግሬ ባለቤት ለእትዬ ተዋበች፣ የልጅ ልጃቸው እየተረጎመች አነበበችላቸው። እሳቸው ደግሞ ባሌ ስለ ድርቁ ጮኾ በዚያው ጦስ ከሥራው ተባረረ ብለው ዕድሜ ልካቸውን የኮሩ ሴት ናቸው።

እሑድ ጋሽ ክፍሉ ደወሉ። "ልጄ፣ ተዋበች እኔ ጋ ናት። ነይ።" ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር። ሀይዌዩ ላይ "ማለቴ፣ ታሪክ እኮ ነው፣ እውነት ነው" እያለች ተለማመደች። ሰበቡ ለራሷም አልዋጥ አላት። የሰው ጉርሻ በልታ የሰው ባል ሸጣለች፤ ሌላ ስም የለውም።

እትዬ ተዋበች በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ልትስማቸው ጎንበስ ስትል ፊታቸውን አዞሩባት።

"እውነት ነው?" አሉ ጋሽ ክፍሉን እያዩ። "አሻግሬ ነው የሰረዘው?"

ጋሽ ክፍሉ የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ የሚል ትውልድ ሰው ናቸው።

"ዋሽቼ ነው" አሉ። "የሰረዝኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ ፊት አፍሬ በሙት አሳበብኩ።"

ፀዳለ ክው አለች። ውሸት መሆኑን ታውቃለች፤ ንግግሩ ሲዘጋጅ ጋሽ ክፍሉ ገና ንግግሩን ወደጻፈው የሚኒስቴሩ መምሪያ አልተዛወሩም፣ ሰነዶቹን አገላብጣለች።

እትዬ ተዋበች ተነሡ። "ስንት ዘመን ቤቴ በላህ፣ ክፍሉ። ከእንግዲህ ቀብሬ ላይ እንዳትቆም።" ወደ ፀዳለ ዞሩ። "አንቺም አስተካክለሽ ጻፊው። የሰረዘው እሱ ነው በዪ።"

ፀዳለ ሽማግሌውን አየቻቸው። እሳቸው ምንጣፉን ያያሉ። አሁን እውነቱን መናገር ትችል ነበር።

"እሺ፣ እትዬ" አለች።

እትዬ ተዋበች ጉንጯን ሳሟት።