ሎተሪ የከለከለው ሰው

«ይሄኛውም ድንች ነው» አለ ኒልስ፣ የሳህኑን ክዳን ገለጥ አድርጎ። «ስምንተኛው ድንች። አባባ ካረፈ ገና ሁለት ቀኑ ነው፤ እስከ ቀብሩ አንድ እርሻ ሙሉ ይገባልናል።»

እህቱ ማርጊት ሳህኑን ከፍ አድርጋ ከሥሩ የተለጠፈውን ስም አነበበች። ከለቅሶ በኋላ ሳህን ለባለቤቱ ካልተመለሰ በኤልም ክሪክ ከተማ ቂም ያስይዛል።

«የሉንዶች ነው። ማቀዝቀዣው ሞልቷል፤ ጋራዥ አስገባው።»

የመጋቢት ብርድ ስለነበር ጋራዡ ከማቀዝቀዣ አይተናነስም።

አባታቸው ኦርቪል ሃግስትሮም በሰማንያ አራት ዓመቱ፣ ቁርሱን በልቶ ጋዜጣውን እንደያዘ ነው ያረፈው። ሦስት ጊዜ ተመርጦ ዐሥራ ሁለት ዓመት የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ነበር። በዚያ አገር ያንን ወንበር የያዘ ሰው ዓይኑ ከገዥው ወንበር ላይ አይነቀልም። ኦርቪልም ለገዥነት ተወዳድሮ በራሱ ፓርቲ የዕጩ ምርጫ፣ በሁለት መቶ ዐሥራ አንድ ድምፅ ተሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ስድስት ዓመት እዚሁ ኤልም ክሪክ የገበሬ ኑዛዜ ሲጽፍ ኖረ።

ለቅሶ ቤቱ የሳቅ ቤት ሆኗል። የሚመጣው ሰው ሁሉ አንድ ኩባያ ቡና ይዞ አንድ የኦርቪል ወግ ያወጋል። አንድ ሽማግሌ ገበሬ፣ ኦርቪል የማይሠራ የመስሚያ መሣሪያ ለሽማግሌ የሚሸጡትን አጭበርባሪዎች እንዴት ፍርድ ቤት አቁሞ ገንዘቡን እንዳስመለሰለት አወጋና፣ «እሱ ባይኖር ዛሬ የምታወሩትን ሐሜት ሁሉ አልሰማም ነበር» አለ። ማርጊት ከአንጀቷ ሳቀች። ወዲያው ደግሞ አባቷ ይህን ቀልድ አለመስማቱ ትዝ አላትና ባዶ ኩባያዎቹን ልትሰበስብ ተነሣች።

ከሰዓት በኋላ የፓርቲው ሊቀ መንበር ራስል ፔቲት ለቅሶ ሊደርስ መጣ። በአንድ እጁ የፖም ኬክ፣ በሌላው ፖስታ ይዟል። ማርጊትን ወደ መስኮቱ ፈቀቅ አደረጋት።

«ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግን የዕጩ ምዝገባው ዓርብ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። የአባትሽን የጠቅላይ ዐቃቤ ሕግነት ወንበር የያዘው ሰው ደግሞ ዳግመኛ አይወዳደርም።»

«አባቴ እኮ ገና አልተቀበረም፣ ራስል።»

«እሱማ ልክ ነሽ። ግን ስሙ እንዲህ በየጋዜጣው የሚወጣበት ሳምንት መቼ ይገኛል?»

ይህን ዓይኑን በጨው አጥቦ ከተናገረ በኋላ ራሱም አፈረና ኬኩን ለኒልስ ሊሰጥ ሄደ።

ማርጊት ወንበሩን ትፈልገዋለች። ዘጠኝ ዓመት የወረዳው ዐቃቤ ሕግ ሆና ሠርታለች፤ ሥራውን እንደምትችለውም ታውቃለች። ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ሳለ፣ በአባቷ የመጀመሪያ ምርጫ፣ በሐምሌው የበዓል ሰልፍ ላይ ከክፍት መኪና ጀርባ ላይ ሆና ለሕዝቡ ከረሜላ ስትበትን ጀምሮ ስትመኘው ኖራለች። የሚያስፈራት አንድ ነገር ነው። አባቷ በተሸነፈ ማግስት ከረባቱን ፈታና ምድር ቤት ወርዶ ሦስት ቀን ሚስማር ሲለቅም፣ ትልቁን ከትንሹ ለይቶ በጠርሙስ ሲያስቀምጥ ሰነበተ። ያኔ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር፤ ሕግ ትማራለች። በደረጃው አናት ቆማ አየችውና፣ አባቴ ተሰበረ አለች። እሱን የሰበረ ሥራ እኔን ምን ሊያደርገኝ ነው እያለች ይኸው እስከ ዛሬ።

የሰበረውም ሎተሪ ነው። የኤልም ክሪክ ቤተ ክርስቲያን ሴቶች ክረምቱን የሰፉትን የብርድ ልብስ በየመኸሩ በሎተሪ ያወጡ ነበር። ያን ዓመት ገቢው ለሚያፈሰው ጣራ ነበር። ሕጋዊ ነው ወይ የሚል ጥያቄ በጽሑፍ ሲቀርብለት፣ ኦርቪል በዐሥራ አራት ገጽ «አይፈቀድም» ብሎ መለሰ። ምርጫው አምስት ወር ቀርቶት ሳለ፣ ከዋና ከተማው ሦስት ሰዓት ነድቶ መጥቶ ራሱ አነበበላቸው። ቡና እንኳ የቀዳለት አልነበረም።

ሐሙስ ዕለት ከቀብር መልስ ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ለምሳ ተሰበሰበ። ወጥ ቤቱን የምታዝዘው የዘጠና አንድ ዓመቷ ቬርና ሉድቪግ ናት፤ በዚያ ሎተሪ ጊዜም የሴቶቹ አለቃ እሷ ነበረች። ማርጊት ጎኗ ተቀመጠች።

«ወይዘሮ ቬርና፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ።»

«እየበላሽ ጠይቂ። ከስተሻል።»

«አባቴ ያንን ሎተሪ በመከልከሉ ተጸጽቶ ያውቃል? ሲሸነፍ ሦስት ቀን ምድር ቤት ተቀምጦ ሚስማር ሲለቅም አይቼዋለሁ።»

«ሚስማር?» ቬርና ሹካዋን አስቀመጠች። «አንቺ ልጅ፣ እሱ እኮ የኛን ጣራ ሊሠራ ነው!»

«የቱን ጣራ?»

«ይሄንን ከራስሽ በላይ ያለውን ነዋ። አንቺ ወደ ትምህርትሽ በተመለስሽ ሳምንት፣ ሚስማሩን በጠርሙስ ይዞ መጣ። እኔ በየቤቱ ዞሬ፣ ሴቱን ሁሉ አስነስቼ ከገዥነት ያስቀረሁት ሰውዬ! መሰላሉን የያዝኩለት እኔው ነኝ። አንዳንዴ ልነቀንቀው ያምረኝ ነበር።»

ማርጊት ቀና ብላ ወደ ላይ አየች።

«ታዲያ ከታች ሆኜ ጠየቅሁት» አለች ቬርና። «'ኦርቪል፣ ዓይንህን ጨፍነህ ብታሳልፈን ምን ነበረበት?' አልኩት። 'ከናንተ ኋላ ወንዙ ዳር ያሉት ቁማር ቤቶች ተሰልፈው ነበር' አለኝ። 'ለናንተ የከፈትኩት በር ለነሱም ይከፈታል።' 'ታዲያ ምነው ያኔ ይህን ብትነግረን?' ስለው፣ 'የነሱ ጉዳይ ፍርድ ቤት ነበር፤ የያዝኩትን ክስ እያወራሁ ድምፅ አልለምንም' አለ። እንደዚያ ነበር ግትርነቱ።»

«እና አልተጸጸተም?»

«ተጸጽቷል እንጂ። 'ዐሥራ አራት ገጽ አበዛሁት፤ አንድ ገጽ ይበቃ ነበር' ብሏል።»

ማርጊት ሳቀች፤ በሳቁ መሃል እንባዋ መጣ። ሰዉ ዞሮ አያት። ቬርና እጇን ያዘችላትና ሌላ እጇን ዘርግታ ዳቦ አቀበለቻት።

ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ራስል በአባታቸው ወጥ ቤት ከኒልስ ጎን ተቀምጦ የምዝገባ ቅጹን ከፖስታው አውጥቶ ዘረጋ።

«ስም የሚለው ላይ ሃግስትሮም ብለሽ ጻፊ» አለ። «ባልሽ አይቀየምም።»

ማርጊት «ማርጊት ኮልቪን» ብላ፣ ከባሏ ጋር የምትጠራበትን ስም ጻፈች።

«አምስት በመቶ ድምፅ በእጅሽ ጣልሽ!»

«ይሁና። መሸነፍ እንደሆነ በቤታችን አዲስ አይደለም።»

ኒልስ እስኪያስለው ሳቀ።

ማርጊት ሕግ ከተማረች ጀምሮ፣ አባቷ ሳያነብላት የፈረመችው ዋና ወረቀት የለም። ልትፈርም ብዕሩን አነሣችና ቆመች። ቅጹን አዙራ፣ ጠረጴዛው ላይ እያንሸራተተች፣ ፊት ለፊቷ ወዳለው የአባቷ ባዶ ወንበር ገፋችው። ራስል አፉን ሊከፍት ሲል ኒልስ ጉልበቱን ያዝ አደረገው። ቅጹ አንድ ገጽ ነው፤ አባቷ ግን ቀስ ብሎ ነበር የሚያነብበው። ማርጊት እሱ እስኪጨርስ ጠበቀች፤ ከዚያ ወረቀቱን ወደ ራሷ ስባ ፈረመች።