ገመዱን ማን ነቀለው?

ኤልያቄም «አንተ መሃይም» ያለኝ አምና፣ የዳግማ ትንሣኤ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት ነው፤ ሻይ የምታፈላልን አረጋሽ ፊት። ስድስተኛ ክፍል መድረሴን እያወቀች አንድ ቃል አልተነፈሰችልኝም። ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር፣ ጥበቃም ጽዳትም ሆኜ የማገለግልበት ሕንፃ የቆመው አባቴ ጤፍ ይዘራበት በነበረው ማሳ ላይ ነው። እሱንም አልረሳሁም።

ኤልያቄም የኮምፒውተር ሰው ነው። ዘንድሮ አንድ ሐሙስ ለደንበኛ የሚያሳየው ፕሮግራም ነበረው፤ መልእክት ቆልፎ የሚልክ፣ ሌላ ሰው እንዳያነበው። ሁለቱ ወገኖች፣ ላኪና ተቀባዩ፣ መጀመሪያ ሰላም ይባባላሉ፣ ከዚያ በቁልፍ ይስማማሉ አሉ። ሲሞክረው ፕሮግራሙ ሰላምታው ላይ ቀጥ አለ።

«ኔትወርክ የለም!» ብሎ ጮኸ። እዚህ አገር ምን ሲበላሽ ነው እንዲህ የማይባለው? ቀጥሎ ጣቱን ወደ እኔ። «ጉተማ ሲወለውል የኔትወርኩን ገመድ ነቅሎታል።»

ሥራ አስኪያጁ አቶ በኃይሉ ከቢሯቸው ወጡ። «አንተ ሰውዬ፣ ባለፈው ምን ብዬህ ነበር? ነክተህ ከሆነ ዩኒፎርምህን አስረክበህ ውጣ!»

«ኧረ ጌታዬ፣ አጠገቡም አልደረስኩ» አልኩ። ልጆቼ ፊቴ ላይ ድቅን አሉብኝ። ማን ይስማኝ!

አያንቱ የምትባል አዲስ ተቀጣሪ አለች፣ የፉሪ ልጅ። ወንበሯን ጎትታ ስክሪኑን አየች።

«ኤልያ፣ ይሄ ሙከራ እኮ ኔትወርክ አይነካም።»

«እንዴት አይነካም?»

«ሁለቱንም ወገን እዚሁ አንድ ኮምፒውተር ሚሞሪ ውስጥ አይደል ያስቀመጥካቸው? መቆለፊያው ላይብረሪ የቆለፈውን ባፈር ውስጥ፣ እንደ ፖስታ ሳጥን፣ ይከትልሃል እንጂ ለተቀባዩ አያደርስልህም። ከአንዱ ባፈር ወስደህ ለሌላው የምትሰጠው አንተ ነህ። አንተ ግን አልሰጠህም። ሰላምታው እዚያው ተቀምጧል፣ ያኛው ይጠብቃል።»

«ገመዱስ?» አሉ አቶ በኃይሉ።

«ካላመኑኝ ያስነቅሉት።»

«ጉተማ፣ ንቀለው!»

ልባረርበት የነበረውን ገመድ በትእዛዝ ነቀልኩት። አያንቱ ፕሮግራሙ ላይ የሆነች መስመር ጨመረች። ሠራ።

አቶ በኃይሉ «ጎበዝ! ጎበዝ!» እያሉ የኤልያቄምን ትከሻ መታ መታ አደረጉ። የኤልያቄምን! ከዚያ እኔን አዩኝ። «ምን ቆመሃል? በሩን ማን እየጠበቀ ነው?»

ኤልያቄም ደረጃው ላይ ደረሰብኝ። «ጋሼ ጉተማ፣ አልተቀየምክም አይደል? ስትሬስ ነው እኮ።»

ጋሼ! ዛሬ ገና።

«በል እንጂ ጋሼ፣ የሆነ ነገር በለኝ።»

ደረጃውን ወረድኩ።