አያ ተገኘ ውሃ አልጠጣም

ከፎገራ፣ ከቁሐር ሚካኤል ለኩላሊት እጥበት ሆስፒታል የመጣው ተገኘ ያስለዋል፤ ትንፋሹም ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ነርሷ ፅጌ ገና ስታየው፣ «አያ ተገኘ፣ ከተፈቀደልዎት በላይ ውሃ ጠጥተው መጡ አይደል?» አለችው።

ደሙ ፈላ። በክረምቱ ጎርፍ ፎገራ ባሕር ሆኖ ላሞቹ እየዋኙ ሲግጡ፣ የእሱ ምላስ እንደ በጋ መረሬ መሬት ተሰነጣጥቆ አልነበር የከረመው?

«ሰባት ጎርፍ ስሻገር ጠብታ አልቀመስሁም! ሚዛን ላይ አውጪኝ!»

ክብደቱ ካለፈው እጥበት ወዲህ ቅንጣት አልጨመረም።

«ትኩሳት ስለሌለዎት እኮ ጉንፋን አልመሰለኝም» እያለች ፅጌ ከአፍንጫው ናሙና ወሰደች። ውጤቱ ኢንፍሉዌንዛ ሆነ።

«አልጠጣሁም አላልሁሽም? የእኔ ቃል ከመሣሪያሽ ይበልጣል!»

በሽታውን ለሌሎቹ ታማሚዎች እንዳያጋባ ለብቻው ክፍል ተሰጠው። ድሉን የሚያወራለት ሰው ቢያጣ፣ «ውሃ አልጠጣሁም!» እያለ በበሩ ለሚያልፍ ሁሉ ይጮህ ጀመር።