ተቆጣጣሪውና የወይዘሮ ግዌንሊያን አውራ በግ

ሜይሪዮን በዌልስ ፓርላማ ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ ከረባቱ አንቆት ነበር። ሥራው የእርሻ ድጎማ ማመልከቻዎችን ቦታው ድረስ ሄዶ ማጣራት ነው። የተጠራውም ወይዘሮ ግዌንሊያን የተባሉ አሮጊት ገበሬ ለበጎቻቸው የብረት በረት ማሠሪያ ጠይቀው "አስፈላጊነቱ አልተረጋገጠም" ስለተባሉ ነው።

"እርሻው ድረስ ሄደዋል?" አሉ ሰብሳቢዋ።

"ሄጃለሁ፣ ክብርት ሰብሳቢ።"

"ታዲያ ቅጹ ላይ 'ምን አዩ?' የሚለው ቦታ ለምን ባዶ ሆነ?"

ሜይሪዮን ውሃ ጠጣ። ደግሞም ጠጣ።

"ንገራቸው እንጂ ልጄ፤ ምን ያሳፍራል!" አሉ ወይዘሮ ግዌንሊያን ከምስክሮች ወንበር።

"አውራ በጋቸው..." አለና ጉሮሮውን ጠረገ፤ "ከኋላ መጥቶ ቦይ ውስጥ ጣለኝ።"

"ሁለቴ ነው የጣለህ!" አሉ አሮጊቷ። "ጎትቼ ያወጣሁት እኔ ነኝ። የሟች ባሌን ሱሪ አልብሼ ነው የሸኘሁት።"

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ሜይሪዮን ይህን መጻፍ አፍሮ ቦታውን ባዶ እንደተወው፣ መሥሪያ ቤቱም ባዶውን "በረት አያስፈልግም" ብሎ እንደቆጠረው ተናዘዘ።

ሰብሳቢዋ ሳቃቸውን እንደምንም ዋጥ አድርገው ወደ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች ዞሩና፣ "ከዚህ የበለጠ ምን ማረጋገጫ ፈለጋችሁ?" አሉ።

ኮሚቴው ማመልከቻው እንደገና እንዲታይ፣ ከእንግዲህም ባዶ የተተወ ቦታ ሲገኝ መጀመሪያ ተቆጣጣሪው እንዲጠየቅ አሳሰበ። በወሩ ድጎማው ተፈቀደ። ሜይሪዮን ደብዳቤውን በፖስታ መላክ ሲችል ራሱ ይዞ ሄደ። መኪናውን አጥሩ ዳር አቁሞ፣ መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አድርጎ ለወይዘሮ ግዌንሊያን አቀበላቸው።

"ውረድና ሻይ ጠጣ እንጂ!"

"አይ እማማ፣ መጀመሪያ በረቱ ይሠራ።"