ዛሬስ ገባ?

ተመራማሪዋ ከጠዋት ጀምራ ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅራ አንገቷ ደርቋል። ሥራዋ ለወሬ ቀላል ነው፤ የሌዘር ብርሃን በሕዋሱ ስስ ሽፋን ላይ ለቅጽበት ቀዳዳ ይከፍታል፣ መድኃኒቱ ሾልኮ ይገባል፣ ቀዳዳው መልሶ ይገጥማል። እናቷ ለጎረቤት ስታስረዳ «በመብራት ትበሳለች» ስላለች፣ ጆሯቸውን ሊበሱ ቤት ድረስ የመጡ አሉ።

ሕዋሶቹ ከታላቅ ወንድሟ ቆዳ የተወሰዱ ናቸው። ጡንቻው እየከዳው ሄዶ፣ አሁን ከወንበር ለመነሳት እንኳ ሰው ይፈልጋል። ሁሌ ከእናታቸው ቤት እየደወለ «ዛሬስ ገባ?» ይላታል። «ገና ነው፣ ጋሼ» ማለት አንገሽግሿታል።

ዛሬ ትዕግሥቷ አለቀና የሌዘሩን ኃይል ከፍ አደረገችው። ከመድኃኒቱ ጋር የተቀላቀለው አረንጓዴ ቀለም ሕዋሶቹ ውስጥ ቦግ አለ፤ የቀረ የለም። ለወንድሟ ደውላ እንደገባ ነገረችው። እሱ ወዲያው ስልኩን ዘጋው።

ፊቷ ሲፈካ ያየችው ባልደረባዋ ቀዩን ቀለም ጨምራ እንደሆነ ጠየቀቻት። ቀዩ የሞተ ሕዋስ ውስጥ ብቻ ነው የሚገባው፤ እሱ ሳይጨመር ውጤት አይወራም። ይህን ተመራማሪዋ ራሷ ለስንቱ ተማሪ አስተምራለች! ጨመረችው። ሳህኑ በሙሉ ቀላ። ብርሃኑ በዝቶ ቀዳዳዎቹ ሳይገጥሙ ቀርተዋል፤ የሞተ ሕዋስ ደግሞ የመጣውን ሁሉ ያስገባል። ክው አለች። ራሷን መስደብ እንኳ ደከማት።

በስልክ የሚነገር አልነበረምና እግሯን እየጎተተች ወደ እናቷ ቤት ሄደች። ወንድሟ ወንበሩ ላይ የለም። ፎቅ፣ የደረጃው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። እናታቸው ወገቧን አሟት ፎቅ ላይ ተኝታ ስለነበር፣ የምሥራቹን ራሱ ሊነግራት በክንዱ እየተሳበ፣ ሸሚዙ በላብ እስኪርስ ወጥቷል። እሷም አልቅሳ፣ መርቃው፣ እንቅልፍ ወስዷታል። መውረድ ግን አቃተው።

እህቱ ከደረጃው ሥር ቆማ ልትነግረው አፏን ከፈተች። ፊቷን አየና አንገቱን ደፋ።

«ተይው፣ አትንገሪኝ» አላት ዝግ ብሎ። «ቀስ ብለሽ አውርጂኝ። እማዬ እንዳትሰማ፤ ዛሬን እንኳ ደስ ብሏት ትደር።»

ጫማዋን አውልቃ ወደ እሱ ወጣች።