ያዘነበለ ልብ

መምህር ሙሉቀን ከአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ጋር ከተጣላ ሦስተኛ ሳምንቱን ያዘ። ደብረ ታቦር ውስጥ ለሚያስተምራቸው ልጆች በአማርኛ የተፈታ የቃላት መጽሐፍ እያዘጋጀ ነበር። ስምንቱን ፊደል ያለ ችግር ከዘለቀ በኋላ ዘጠነኛው ላይ «ኢንክሊኔሽን» የሚባል ቃል መንገድ ዘጋበት።

ቃሉ ገጸ ብዙ ነው። አንዴ የመሬት ተዳፋት ይሆናል፣ አንዴ የአንገት ዘንበል ማለት፣ አንዴ ደግሞ የሰው ልብ ወደ አንድ ነገር ማድላት። ተመሳሳዮቹም «ስሎፕ»፣ «ቴንደንሲ»፣ «ሊኒንግ»፣ «ቤንት» እየተባሉ ተከታትለው ይመጣሉ። ሙሉቀን በልቡ በኩል ላለው ትርጉም ዝንባሌ፣ አዝማሚያ፣ ፍላጎት ብሎ ጻፈና ሰረዘው። ፍላጎት በዛበት፤ ዝንባሌ ደግሞ ተማሪ የሚሞላው ቅጽ መሰለው።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ችግሩ የቃሉ አልነበረም። «ልብ ወደ አንድ ሰው ማድላት» ብሎ በጻፈ ቁጥር እቴነሽ ትመጣበታለች። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ማወቅ ብቻ ይመኝ ነበር፦ የእቴነሽ ልብ፣ ለአንድ ቀንም ቢሆን፣ ወደ እሱ አዘንብሎ ያውቅ ይሆን? እሷን ከመጠየቅ ግን መዝገበ ቃላት መጻፍ ይቀለዋል። እንዲህ ያለ ሰው ነው።

በዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት ሁለቱም እዚሁ ደብረ ታቦር ወጣት አስተማሪዎች ነበሩ። እቴነሽ የአካባቢው ገበሬ የአቶ አያሌው ልጅ ናት፤ ስትስቅ ሦስት ክፍል አልፎ ይሰማል። ሙሉቀን አዲስ አበባ፣ ሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ ያደገ፣ አባትና እናት፣ አጎትና አክስት የማያውቅ ሰው ነበር። ሲጨንቀው የቤት አከራዩን አያ ደምሴን ለመነና ሽማግሌ ላከ። አያ ደምሴ ሁለት ሰው ጨምረው ሄዱ፤ ሲመለሱም «‹ልጅቱ ገና ናት፣ አልደረሰችም› ብለዋል» አሉት። እቴነሽ ሃያ አምስት ዓመቷ ነበር! ሙሉቀን አፈረ፣ ተቃጠለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷንም አያ ደምሴንም መሸሽ ያዘ፤ በሳምንቱ ዝውውር ጠይቆ ነፋስ መውጫ ገባ። ከዓመታት በኋላ ደብረ ታቦር ሲመለስ እሷ ሐሙሲት አግብታ ወልዳለች። እሱ አላገባም።

የመሬቱን ትርጉም ደግሞ ከመጽሐፍ የሚያገኘው አልሆነም። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነውና አንድ ቅዳሜ ደብተሩን ይዞ ወደ አያ ደምሴ ሄደ። ሽማግሌው የከተማ ቤታቸውን ለልጆቻቸው ትተው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ገብስ ማሳቸው አጠገብ ይኖራሉ።

«ይኸ ተዳፋት ነው» አሉ አያ ደምሴ፣ በዘንጋቸው እያመለከቱ። «ያ አቀበት ነው፤ ስትወርደው ቁልቁለት ትለዋለህ፣ መሬቱ ያው ነው። ከወንዙ በላይ ያለው ዘቅዛቃ ነው፣ በሬ አይቆምበትም። ጭነት ሲሆን አጋደለ እንላለን፤ ቤት ሲሆን ዘመመ።»

«ልብ ሲሆንስ?» አለ ሙሉቀን እየጻፈ።

አያ ደምሴ ዘንጋቸውን ወደ እሱ አዞሩ። «ልብ ሲሆን ከጀለ ነዋ! አንተ ታውቀው የለም ወይ? ከጅለህ ከጅለህ፣ እኛን አንዴ ልከህ የተውከው!»

የሙሉቀን እስክሪብቶ ቆመ። «አልሰጥም አሉኝ እኮ፣ አያ ደምሴ።»

«አዬ ልጄ! በመጀመሪያው ቀን ልጁን የሚሰጥ ማን አለ? ባንዴ እሺ ቢል ልጁን አራከሰ ይባላል። እንኳን አያሌው፣ የመጨረሻው ድኻም ሽማግሌን አንድ ሁለቴ ሳይመልስ አይሰጥም። እኛም ‹ዛሬ ይልከናል፣ ነገ ይልከናል› ብለን ጠበቅን።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ይኸን የማያውቅ ሰው አለ ብሎ ማን ይገምታል? በማግስቱ ፊትህን አዞርክብን። ሐሳቡን ቀየረ አልን። ላኪው ዝም ካለ ሽማግሌ በገዛ እጁ አይሄድም፤ ነውር ነው።»

ሙሉቀን ማሳው ዳር ቁጭ አለ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የተሸከመው እምቢታ እምቢታ አልነበረም። በአያ ደምሴ ተናደደ፣ በራሱ ተናደደ፣ ባሳደገው ግቢ ሳይቀር ተናደደ። አልጋ ማንጠፍ፣ በሰዓት መነሣት፣ እንግሊዝኛም ጭምር አስተምረውታል። ሽማግሌ ሲመለስ እንደገና መላክ እንዳለበት ግን የሚያስተምር አጎት ነው፤ አጎት ደግሞ አልነበረውም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ሰኞ ሚኒባስ ተሳፍሮ ሐሙሲት ወረደ። እቴነሽ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ የእረፍት ሰዓት እስኪደርስ ቆመ። የተማሪ ደብተር ታቅፋ ወጣች። ከግንባሯ በላይ ያለው ፀጉር ሸብቷል። አወቀችው፤ ጉንጩን ስማ፣ ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት አስገባችው። ሦስት ልጆች እንዳሏት፣ ባሏም ደግ ሰው እንደሆነ ነገረችው። ደስ አለው፤ ደስ ስላለውም ከፋው።

«አያ ደምሴ ነገሩኝ» አለ በመጨረሻ። «ሽማግሌ መልሼ መላክ እንደነበረብኝ አላውቅም ነበር። ማንም አልነገረኝም።»

እቴነሽ ቀና ብላ አየችው። «አላወቅህም?»

«አላወቅሁም።»

«እኔ እኮ የናቅኸኝ መስሎኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ሽማግሌዎቹ በሄዱ ማግስት አባቴ ‹በዐሥራ አምስት ቀን ይመለሳሉ፣ ጠላ ይጠመቅ› ብለው አዘዙ። ጌሾውን የወቀጥሁት እኔ ነኝ። ጠላው ደረሰ፣ ሰው አልመጣም። ሆመጠጠ። አባቴ ‹አትድፉት፣ አንድ ነገር ገጥሟቸው ይሆናል› እያሉ አስቀመጡት። በኋላ እኔው ጓሮ ወስጄ ደፋሁት።»

«አንድ ደብዳቤ እንኳን ብትጽፊልኝ…»

«ምን ብዬ? ‹ሽማግሌ ድገም› ብዬ? ሴት ልጅ እንዲህ ትላለች?»

ሙሉቀን ሻዩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፣ እቴነሽ። አንቺስ? ያን ጊዜ አንቺ ራስሽ ትፈልጊኝ ነበር?»

እቴነሽ ልትስቅ ሞከረች፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞላ።

«ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ነው ሲባል አባቴ እግር ላይ ወደቅሁ» አለች። «‹ልጁ አንድም ዘመድ የለውም፣ ደጅ አያስጠኑት፣ አያመላልሱብኝ› ብዬ ለመንኋቸው። ወጉ ነው፣ እንዴት ይሆናል አሉኝ። ሳለቅስ ጊዜ አሳዘንኋቸው። ‹እሺ፣ ላንቺ ስል አንዴ ብቻ ነው የምመልሳቸው› አሉ።»

ደወል ተደወለ። እቴነሽ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች፣ ደብተሮቿን ሰብስባ ወደ ክፍሏ ተሻገረች። ሙሉቀን እስከ በሩ ድረስ በዓይኑ ሸኛት። ከዚያ እዚያው ሻይ ቤት፣ ሰው ያየኛል ሳይል፣ አለቀሰ።